ድቮርዣክ፣ እህቴ እና የታች ቤት ጎረቤቴ

ታች ቤት ያለው ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ሲደበድብ ሰዓት ማየት አያስፈልገኝም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። ልጄ ደጋኗን እንዳነሳች ታየኛለች። "እማ፣ አንዴ ብቻ።" ራሴን እነቀንቃለሁ። እሷ በረጅሙ ተንፍሳ ቼሎውን፣ ያን ትልቅ ባለክር መሣሪያዋን፣ ታጋድመዋለች። እኔ ደግሞ ዩኒፎርሜን ለብሼ ወደ ሥራ ለመውጣት እዘጋጃለሁ። የአረጋውያን መኖሪያ ነው የምሠራው። የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ከአምስት ሰዓት እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት።

ሰውዬው ላይ አልፈርድበትም። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ዜማ ጣሪያው ላይ ሲመላለስበት ነው የከረመው። ዜማው ሙሉ ቢሆን ደህና። ልጄ ግን አራት መስመር ትጫወትና ትቆማለች። ደግሞ ከመጀመሪያው ትነሳለች። ደግሞ ትቆማለች። እኔ እናቷ ሆኜ ስንቴ ጆሮዬን በትራስ ሸፍኜ ተኝቻለሁ።

የሚመላለሰው ነገር የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ የአንቶኒን ድቮርዣክ የቼሎ ኮንሰርቶ ነው። በቢ ማይነር (ቅኝቱ ነው)፣ ኦፐስ 104 (የሥራው ቁጥር)። ስሙን መጥራት ቢያቅታችሁ አትፈሩ። ቼኮች "ር"ን እና "ዥ"ን በአንድ ጊዜ የሚያወጡባት አንዲት ፊደል አለቻቸው። እኛ ቢያንስ "ዥ" ስላለችን ግማሽ መንገድ ደርሰናል። (የታሪኩን ዓመትና ቀን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ በእኛ እቆጥራለሁ፣ እዚያ ስንደርስ ታዩታላችሁ።)

ልጄ ቼሎን አልመረጠችውም። አራተኛ ክፍል እያለች ትምህርት ቤቱ መሣሪያ ምረጡ አለ። እሷ የፈለገችው ቫዮሊን ነበር። ተራዋ ሲደርስ ቫዮሊኑ አልቋል፣ የቀረው ቼሎ ነው። ከደሴ ከመጣች ገና ሰባት ወሯ ነበር። እንግሊዝኛው ከአፏ አይወጣም። የሙዚቃ አስተማሪዋ ግን ብዙ ማውራት አላስፈለጋትም፤ ጣቷን ይዛ ክሩ ላይ አስቀመጠችላት። የመጀመሪያ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሳጥኑ እሷን ተሸክሟት የሚሄድ ነው የሚመስለው። እናቴ በስልክ ቪዲዮ ስታየው ትንሽ ዝም አለችና፣ "ይሄ ማሲንቆ ምን ቢቀልቡት ነው እንዲህ የደለበው?" አለች። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ስሙ ቼሎ አይደለም። ድልቡ ነው። "ድልቡን ከመንገድ ላይ አንሺልኝ።" "የድልቡ ኪራይ ተከፍሏል?"

አሁን ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ባለፈው መስከረም አስተማሪዋ "ጊዜው ደርሷል" ብላ የዚህን ኮንሰርቶ የመጀመሪያ ክፍል ሰጠቻት። እንደገባኝ ከሆነ ለቼሎ ተማሪ ይሄ መንጃ ፈቃድ እንደማውጣት ነው። ፊቷ ላይ የነበረውን ኩራት ብታዩት!

እኔ ግን ሙሉውን የሰማሁት በየካቲት ነው። ከእኛ ሰፈር፣ አሜሪካ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብዙ የማይርቅ የሰፈር ኦርኬስትራ አለ። ቀን ቀን ሐኪምና አስተማሪ የሆኑ ሰዎች ማታ ተሰብስበው የሚጫወቱበት። ፕሮግራማቸው ላይ ይሄው ኮንሰርቶ ወጣ። ልጄ ሁለት ትኬት ገዝታ ጠበቀችኝ። ፈረቃዬን ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያየርኩና ሄድን።

ኮንሰርቶ ምንድነው ለሚለኝ ሰው የማስረዳው በአውጪና ተቀባይ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ብዙው ይቀበላል። ልዩነቱ፣ እዚህ ተቀባዩ ስልሳ ሰባ ሰው መሆኑ ነው። ትሮምቦን፣ ያን ትልቁን የነሐስ ጥሩንባ፣ የያዘም አለበት። እንዲህ ብዬ አስቤ ነው የገባሁት። አውጪው መጣ፣ እጅ ነሳ፣ ተቀመጠ፣ የቼሎውን እግር ወለሉ ላይ ተከለ። ኮንዳክተሩ እጁን አነሳ። ክላርኔቶቹ ዝቅ ብለው፣ እንደሚንሾካሾክ ሰው ጀመሩ። ቫዮሊኖቹ ተቀበሉ። ጥሩንባው መጣ። አዳራሹ ሞላ።

ሰውዬው ግን እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ልጄን በክርኔ ጎሸም አደረግኳት።

"ምን ሆኖ ነው? ረሳው እንዴ?"

"እማ፣ ዝም በይ።"

ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው ቼሎው ሳይገባ የሚቆየው። ኦርኬስትራው ጮኾ ጮኾ ይሰክናል። ከዚያ ሆርኑ፣ ጥቅልሉ ጥሩንባ፣ ብቻውን ይወጣል። ይህችን የሆርን ዜማ እንዴት ልንገራችሁ። ሩቅ አገር ያለ ሰው ማታ በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ ማንም አይሰማኝም ብሎ የሚያንጎራጉራት ዓይነት ናት። ድቮርዣክ ራሱ እዚህ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ ስሜቱ እንደሚነካ ለወዳጁ በደብዳቤ ጽፏል። የገዛ ሥራው! እናቴ ብትሰማ "ራሱ ጠምቆ ራሱ ሰከረ" ትለው ነበር።

ከዚያ ቼሎው ገባ። ያቺው፣ ልጄ ስትፈጫት የከረመችው አራት መስመር። ቤት ውስጥ ስሰማት ጭቅጭቅ ነበር የምትመስለኝ፣ መነሻም መድረሻም የሌላት። ለካ ከፊቷ ይሄ ሁሉ ተብሏል። ክላርኔቶቹ በፍርሃት የተናገሩትን ነው ቼሎው ቀጥ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚደግመው። የኖታው ወረቀት ላይ፣ ቼሎው በሚገባበት ቦታ፣ ድቮርዣክ "ኩዋዚ ኢምፕሮቪዛንዶ" ብሎ ጽፏል። እዚያው እንደመጣልህ የፈጠርከው አስመስለህ ተጫወት ማለት ነው ብላኛለች ልጄ። ታዲያ ይሄ አዝማሪ አይደለም እንዴ! አዝማሪም ግጥሙን ቤቱ አሰናድቶ ይመጣና፣ ፊትህን አይቶ አሁን የወረደለት ያስመስላል።

የሚገርመው፣ ድቮርዣክ ቼሎን ለብቻው አያምነውም ነበር። ላይኛው ድምፁ በአፍንጫ ያወራል፣ ታችኛው ያጉመተምታል የሚል ሰው ነበር። ወጣት ሳለ፣ በ1865፣ አንድ የቼሎ ኮንሰርቶ ጀምሮ በፒያኖ ብቻ አስቀርቶታል። የኦርኬስትራውን ክፍል ሳይጽፍ ተወው። ስጋቱም እውነት አለው። ቫዮሊን ቀጭን ስለሆነ ከጫጫታው በላይ ይወጣል። የቼሎ ድምፅ ግን የወንድ ልጅ ንግግር ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚኖረው። ገበያ መሀል ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያወራ ጎልማሳ አስቡ። ማን ይሰማዋል?

ሐሳቡን ያስቀየረው ቪክተር ኸርበርት የሚባል ቼሊስት ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ከድቮርዣክ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በመጋቢት 1894 የራሱን ሁለተኛ የቼሎ ኮንሰርቶ ከኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር ተጫወተ። ኦርኬስትራው ውስጥ ሦስት ትሮምቦን አለ። ሆኖም ቼሎው ጥርት ብሎ ተሰማ። ድቮርዣክ ይሄን ሰማና በዚያው ዓመት የራሱን ጀመረ። ሦስት ትሮምቦን ብቻ አይደለም፣ ከእነሱም የሚወፍረውን ቱባ ጨመረበት።

ምሥጢሩ ምን መሰላችሁ? ትሮምቦኖቹ አሉ፣ ግን ቼሎው ሲናገር አፋቸውን ይይዛሉ። ቼሎው ላይ ሲወጣ ከሥሩ የሚቀርለት አንድ ፍሉት ወይም አንድ ክላርኔት ነው። ሙሉ ቤቱ የሚጮኸው እሱ ሲያርፍ ነው። ሽማግሌ ሲናገር ቤተሰቡ ጸጥ የሚለው፣ ሲጨርስ ሁሉም በአንዴ የሚንጫጫው ዓይነት። እኛ ቤት ለቅሶም ሰርግም የሚካሄደው እንደዚሁ ነው።

አሁን ስለ ሰውየው ትንሽ ላውራ። ልጄ "እማ፣ ከእኔ በላይ አንቺ ሆንሽ እኮ" የምትለኝ በዚህ ምክንያት ነው። ሌሊት አረጋውያኑ ሲተኙ ስለ ድቮርዣክ ሳነብ አድራለሁ።

ድቮርዣክ በ1841 ከፕራግ ወጣ ያለች ኔላሆዜቬስ የምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ሥጋ ቆራጭ ነበር። መጠጥ ቤትም ነበረው፣ ዚተር የሚባል ክራር መሰል ነገር ይመታ ነበር። ልጁ አድጎ ፕራግ ውስጥ በአንድ ቲያትር ኦርኬስትራ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ የሚል ነው) ተጫዋች ሆነ። በኋላ በሥራዎቹ ስሙ ወጣ። በ1892 ጃኔት ተርበር የምትባል ባለጸጋ ሴት ኒው ዮርክ ያቋቋመችውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዲመራ ጠራችው። ደሞዝ በዓመት 15,000 ዶላር። በዚያ ዘመን! ፕራግ ከሚያገኘው ጋር አይወዳደርም። ሄደ። በዓመቱ አሜሪካን የኢኮኖሚ ቀውስ መታት፣ የሴትየዋ ባል ንግድ ተናጋ፣ የድቮርዣክ ደሞዝ መዘግየት ጀመረ። ይሄን ያነበብኩ ሌሊት ብቻዬን ሳቅኩ። ደሞዝ የዘገየበት መጤ! የእኛ ሰው።

ግን ልቤን የነካው ሌላ ነው። ስድስት ልጆች ነበሩት። በ1894 መኸር ከዕረፍት ወደ ኒው ዮርክ ሲመለስ ከሚስቱ ጋር አንድ ልጅ ብቻ ይዞ ሄደ። አምስቱን ለአያታቸው ተወ። ኅዳር 8 ቀን ኮንሰርቶውን ጀመረ፣ የካቲት 9 ቀን 1895 ጨረሰ። ሦስት ወር። እዚያ የጻፋቸው ሌሎቹ ሥራዎች የአሜሪካን ነገር ይዘዋል ይባላል። ይሄኛው ግን አገሩን ነው የሚመስለው። እኔ የሙዚቃ ሊቅ አይደለሁም። ግን ልጆቹን ለአያት ትቶ የሄደ ሰው ክረምት ላይ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ልጄን ለእናቴና ለታላቅ እህቴ ትቼ ነው የመጣሁት። ሦስት ዓመት ከስምንት ወር። ጥርሷ ሲወልቅ ያየሁት በስልክ ነው።

በመጋቢት፣ ልጄ ትምህርት ሲዘጋላት፣ በአውቶቡስ ኒው ዮርክ ሄድን። የአክስቴ ልጅ ብሮንክስ አለች። "ምን ልታዩ ነው?" ስትለኝ "አንድ ቤት" አልኳት። ምሥራቅ 17ኛው መንገድ፣ ቁጥር 327። ኮንሰርቶውን የጻፈበት ቤት። ቤቱ የለም። በ1991 አፍርሰውታል፤ አውቀን ነው የሄድነው፣ ግን ልጄ "ቦታውን ልየው" አለች። ማዶ ያለው መናፈሻ፣ ስታይቨሰንት ስኩዌር፣ ውስጥ ሐውልቱ ቆሟል። ድቮርዣክ እርግብ የሚወድ ሰው ነበር። ባቡርም ይወድ ነበር፣ እንደ ሕፃን። እንደ ዕድል አንዲት እርግብ ራሱ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጄ ፎቶ ልታነሳ ስትጠጋ በረረች። ነፋሱ ብርድ ነበረው። ቡና ፈልገን ወጣን። በቃ፣ ጉብኝቱ ይኼው ነው።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልምጣ፣ ዝግተኛው። እሱን እየጻፈ ሳለ ከአገር ቤት ወሬ መጣለት። የሚስቱ እህት፣ ዮሴፊና፣ በጠና ታማለች። ዮሴፊና የቲያትር ተዋናይ ነበረች። ድቮርዣክ በ20ዎቹ ዕድሜው እሷንና እህቷን ፒያኖ ያስተምር ነበር። እሷን ወዶ ነበር፣ እሷ ግን አልወደደችውም ይባላል። በኋላ በ1873 ታናሿን አናን አገባ። ዮሴፊና ደግሞ የአንድ ባላባት ሚስት ሆነች። ድቮርዣክ ቪሶካ በምትባል መንደር የነበረው የበጋ ቤቱ ከባላባቱ ርስት ላይ የተገኘ ነው። ስለዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎረቤትና ዘመድ ሆነው ኖሩ።

ስለ ሕመሟ ሲሰማ ምን አደረገ? ቀደም ብሎ ከጻፋቸው ዘፈኖች አንዱን እሷ በጣም ትወደው ነበር። ብቻዬን ተዉኝ የምትል ሴት ዘፈን ናት። ያችን ዜማ አምጥቶ ሁለተኛው ክፍል መሀል ለቼሎው ሰጠው። እንዲሁ በቀስታ አይደለም የምትገባው። ዜማው ሰላማዊ ሆኖ እየሄደ ሳለ ኦርኬስትራው በድንገት ይፈነዳል፣ በር በርግዶ የገባ ይመስላል። ከዚያ ቼሎው ብቻውን ያችን ዘፈን ይጀምራል።

አዳራሹ ውስጥ ይሄን ስሰማ የዘፈኑን ታሪክ አላውቅም ነበር። በሩን ግን አወቅኩት።

እህቴ የዛሬ አራት ዓመት በጥቅምት ነው ያረፈችው። "ትንሽ አሟት ነው" አሉኝ። "ተሽሏታል" አሉኝ። ስልክ ላይ አቅርቧት ስል "ተኝታለች" አሉኝ። ያን ጊዜ መግባት ነበረበት፤ እህቴ ቀን አትተኛም። ትኬት ለሐሙስ ቆረጥኩ። ማክሰኞ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አምስት ሰዎች ናቸው። ማንም አፉን አልከፈተም። ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ነጠላው ተናገረ።

ልጄ ያኔ 13 ዓመቷ ነው። እሷን ያሳደገቻት እህቴ ናት፤ "እትዬ" ነበር የምትላት። ለቅሶ ቤት ሙዚቃ አይነካም። ማንም አልነገራትም፣ ራሷ ድልቡን ሳጥኑ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት። እስከ አርባዋ ድረስ አልከፈተችውም። አስተማሪዋ ደውላ "ምነው ጠፋች?" ስትለኝ እንዴት እንደማስረዳት ጠፋኝ። በእኛ ባህል እንዲህ ነው አልኳት። አርባ ቀን? አለችኝ። አርባ ቀን።

መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች የዮሴፊናን ነገር ወደ ፍቅር ታሪክ ይወስዱታል። ያልተሳካ የወጣትነት ፍቅር፣ እስከ መቃብር። ይሆናል። ሙዚቃው ራሱ "ሮማንቲክ" ነው ይሉታል፤ እኔም መጀመሪያ የፍቅር ማለት መስሎኝ ነበር፣ ልጄ የዘመን ስም መሆኑን እስክታርመኝ ድረስ። ለእኔ ግን ፍቅሩ አይደለም የሚታየኝ። ሠላሳ ዓመት ያወቃት ሴት ናት። የልጆቹ አክስት። ባሕር ማዶ ሆኖ "ታማለች" ሲባል፣ ከዚያ ቃል ጀርባ ምን እንዳለ የማያውቅ፣ ማድረግ የሚችለው ነገር የጠፋበት ሰው ነው የሚታየኝ። እኔ ያን ሰሞን ቤት ጠራረግኩ። እሱ ዘፈኗን አስገባ።

ልዩነታችን፣ እሱ ደርሷል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አገሩ ገባ። ዮሴፊና ግንቦት 27 ቀን አረፈች። አንድ ወር አገኘ። እኔ የጎደለኝ ሁለት ቀን ነው።

ለፋሲካ ለታች ቤቱ ጎረቤቴ ድፎ ዳቦ ይዤለት ወረድኩ፣ ይቅርታ ልጠይቅ። ሰውዬው እንዳሰብኩት ክፉ አይደለም። ጡረተኛ ነው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። ዳቦውን ተቀብሎ ትንሽ አሰበና እንዲህ አለኝ፦ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ሙዚቃ መጨረሻ አለው?"

አለው እንጂ። ያውም ሁለት ጊዜ የተጻፈ።

ኮንሰርቶው ኒው ዮርክ ውስጥ አልቆ ነበር ብያችኋለሁ። ድቮርዣክ አገሩ ገብቶ፣ ዮሴፊና ከተቀበረች በኋላ፣ ያለቀውን ሥራ ፈታው። የመጨረሻዋን ጥቂት ቦታ አውጥቶ ወደ 60 ባር አስገባ። (መጠጥ ቤቱ አይደለም። ሙዚቀኞች ዜማ የሚቆጥሩበት ክፍልፋይ ነው።) ሰኔ 11 ቀን ጨረሰ፤ ካረፈች በ15ኛው ቀን። የእጅ ጽሑፉ ላይ፣ ኒው ዮርክ ጨርሼው ነበር፣ ቦሄሚያ (አገሩ ናት) ስመለስ ግን መጨረሻውን ሙሉ በሙሉ ቀየርኩት ብሎ መዝግቦበታል።

ሦስተኛው ክፍል እንደ ሰልፍ ነው የሚጀምረው። ፈጣን ነው፣ ትሪያንግሉ ይንጫጫል፣ ቼሎው ይሮጣል። አለቀ ብለህ ለማጨብጨብ እጅህን ስታዘጋጅ ሁሉም ነገር ይቀዘቅዛል። ያ የመጀመሪያው፣ ደረቱን ነፍቶ የገባው ዜማ፣ ክላርኔት ላይ በሹክሹክታ ይመለሳል። ከዚያ አንድ ቫዮሊን ብቻዋን፣ ከላይ ሆና፣ የዮሴፊናን ዘፈን ታሰማለች። ቼሎው ከሥር ይንቀጠቀጣል። ይዘገያል። ይሄድና ይመለሳል። እንግዳ ሸኝቶ በር ላይ ቆሞ ወሬ እንደሚቀጥል ሰው። እኛ ቤት "በሉ እንግዲህ" ተብሎ ከተነሳ በኋላ አንድ ሰዓት የሚወራው ነገር የለም? እንደሱ።

ይሄንን ቦታ ሊያበላሹበት ነበር። ኮንሰርቶው የተበረከተለት ወዳጁ ሃኑሽ ቪሃን ጎበዝ ቼሊስት ነው። ጣት ላይ የሚከብዱ ቦታዎችን አስተካከለለት፣ ድቮርዣክም አንዳንዱን ተቀበለ። ቪሃን ግን መጨረሻው ላይ ካዴንዛ ጨመረ። ካዴንዛ ማለት ኦርኬስትራው ዝም ይልና ብቸኛው ተጫዋች ችሎታውን የሚያሳይበት ቦታ ነው። ጭብጨባ የሚያስገኝ። ድቮርዣክ ተቆጣ። ለአሳታሚው ለዚምሮክ ጻፈ፦ ማንም፣ ወዳጄ ቪሃንም ቢሆን፣ ያለ እኔ ፈቃድ አንዲት ነገር እንደማይነካ ቃል ካልገባህልኝ ሥራውን አልሰጥህም። መጨረሻው እንደ ረጅም ትንፋሽ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ቼሎው እስከ ሹክሹክታ ይወርዳል፣ እንደገና ያብጣል፣ የመጨረሻዎቹን ኦርኬስትራው ይቀበለዋል አለ። ለቅሶ ላይ ፉከራ አይሆንም ማለቱ ነው፣ በእኔ አማርኛ።

ኮንሰርቶው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ለንደን፣ ኩዊንስ ሆል፣ መጋቢት 19 ቀን 1896 ነው። ኮንዳክተሩ ራሱ ድቮርዣክ። የተጫወተው ግን ቪሃን ሳይሆን ሊዮ ስተርን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። አሁን በእኛ ልቁጠርላችሁ። መጋቢት 11 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ዐድዋ በሆነ በ18ኛው ቀን! ምንም ግንኙነት የለውም፣ አውቃለሁ። ግን ቀኑን ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ለንደን ሰዎች ካባ ለብሰው ቼሎ ሲሰሙ፣ የእኛዎቹ ገና ከዘመቻው መንገድ ላይ ናቸው።

ሌላው ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ ብራምስ ይሄን ሥራ ሲሰማ፣ በቼሎ እንዲህ ዓይነት ኮንሰርቶ መጻፍ እንደሚቻል ባውቅ ኖሮ ድሮ እጽፍ ነበር ማለቱ ይተረካል። ሌላ አንድ ነገር ብቻ። ነሐሴ 21 ቀን 1968 የሶቪየት ታንኮች ፕራግ ገቡ። በዚያው ማታ ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ከሶቪየት የመጣ ኦርኬስትራ ፕሮግራም ነበረው። ከቀኑ በፊት የተያዘው ሥራ ይሄው የቼኩ ሰው ኮንሰርቶ። ሰው እየጮኸ ተቃወመ። ቼሊስቱ ሮስትሮፖቪች ተቀምጦ ተጫወተው፣ ፊቱ ላይ እንባው ይወርድ ነበር። ሲጨርስ የድቮርዣክን የኖታ ጥራዝ ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። ልጄ ይሄን ስነግራት ምንም አላለችም። ሄዳ ደጋኗን ሮዚን (ክሩን እንዲይዝ የሚቀባው ሙጫ) መቀባት ጀመረች።

ለጎረቤቴ ይሄን ሁሉ አልነገርኩትም፤ "አለው፣ ግን ልጄ እዚያ አልደረሰችም" ብዬው ወጣሁ።

አስተማሪዋ የሰጠቻት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ልጄ ግን የመጨረሻውን ገጽ ራሷ አውጥታ ጀምራዋለች። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ገብተን እናቴ ጋ ደወልን። "ድልቡ ደህና ነው?" አለች እንደ ልማዷ። ልጄ "ቆይ ላሰማሽ" ብላ ስልኩን መጻሕፍቱ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ያቺን 60 ባር፣ ያለ ኦርኬስትራ፣ ያለ ቫዮሊኗ፣ የራሷን ድርሻ ብቻ። በመሀል ባዶ ቦታ ሲኖር በአፏ ትቆጥራለች።

የስልክ ነገር ታውቃላችሁ፣ ቀስ ያለ ረጅም ድምፅ ሲመጣ የማራገቢያ ጫጫታ ይመስለውና ይውጠዋል። ልጄ ዝቅ ዝቅ እያለች መጨረሻዋ ረጅም ድምፅ ላይ ደረሰች። ክፍሉ ውስጥ እየተሰማኝ ነው። እናቴ ግን ስክሪኑን ጠጋ ብላ ትመለከታለች።

"እማዬ፣ ይሰማሻል? ላቋርጣት?" አልኳት።

"ድምፁስ ጠፍቷል" አለች። "እጇ ሲሄድ ግን ይታየኛል። ተያት ትጫወት።"